የፈረሰ ሰፈርን በካርታና በዕድር መዝገብ መፈለግ

ሰፈራችን አራዳ ውስጥ ነበር። ቤቶቹ ፈርሰው ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን ዕድሩ አልፈረሰም፤ ዛሬም ለቅሶ ሲኖር አባሉ ከከተማው ዳር ዳር ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል። ከተበተንን በኋላ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባት ተነሥተው የሰፈሩ ታሪክ መንገድ ለመንገድ፣ ቤት ለቤት ተጽፎ ይቀመጥ አሉ። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። ሥራው ደግሞ «አንተ መምህር ነህ» ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። የማስተምረው ሒሳብ ነው ብል የሰማኝ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ አደራ ለወደቀባችሁ ነው። ሥራው በራሱ አድካሚ ነው፤ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚኬድ ሳያውቁ ሲገቡበት ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

በሌላ አገር የአካባቢ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጎዳና ማውጫ ነው። ለንደን፣ በርሊንና ሌሎች ትልልቅ ከተሞች በየጊዜው እየታደሰ የሚታተም፣ በየጎዳናው በየቁጥሩ ማን እንደሚኖርና ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝር መጽሐፍ ነበራቸው። እኛ ዘንድ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ነው፤ አድራሻችንም «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለአዲስ አበባም ይኖራል ብዬ ስፈልግ የባከነው ጊዜ ዛሬም ያንገበግበኛል። የእኛን ከተማ የጎዳና ማውጫ ከስልክ ማውጫ፣ ከጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ከቀበሌ ቁጥርና ከዕድር መዝገብ እየለቀመ የሚሠራው አጥኚው ራሱ ነው።

ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ዞርኩ። የቆየ ካርታ በሽ ነው። የአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎት ያሳተማቸውን ካርታዎች የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አስቀምጧል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ የሚባል ዲጂታል ስብስብ አለው። ኦልድ ማፕስ ኦንላይን ደግሞ የበርካታ ቤተ መጻሕፍትን ካርታዎች በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። በጉጉት ካወረድኳቸው ውስጥ አብዛኞቹ ግን ለሰፈር ታሪክ የሚረቡ አልነበሩም። ምክንያቱ ስኬል ነው፤ ካርታው መሬቱን ስንት እጥፍ እንዳሳነሰው የሚናገረው ቁጥር። በ1፡250,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ሰፈራችን ከነቤተ ክርስቲያኑ የምስር ፍሬ ታክላለች። በ1፡50,000 ላይ አንድ ሴንቲሜትር አምስት መቶ ሜትር ስለሆነ ወንዙና ዋናው መንገድ ይገኛሉ፤ ቤት ግን አይለይም። የሕንፃ ቅርፅና የአጥር መስመር በደንብ መታየት የሚጀምረው 1፡5,000 አካባቢ ነው። 1፡2,000 ላይ አንድ ሴንቲሜትር ሃያ ሜትር ይሆናል፤ ያኔ ግቢን ከግቢ መለየት ይቻላል።

ስለዚህ ካርታውን ከመጠየቃችሁ በፊት ስኬሉን ጠይቁ። የደረሳችሁ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ በቁጥር የተጻፈውን አትመኑ፤ ሲባዛ አድጎ ወይም አንሶ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ከግርጌው የተሰመረው መለኪያ ነው፤ እሱ ከካርታው ጋር አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል። ያንን መለኪያ ሳታካትቱ ፎቶ አንሥታችሁ ብትሄዱ ተመልሳችሁ መምጣታችሁ አይቀርም።

እንደ 1፡2,000 ያለ፣ ቤት የሚለይበት ትልቅ ስኬል ያላቸው ካርታዎች የሚገኙት በብዛት በመሥሪያ ቤት ነው፤ ፈተናውም እዚያ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «የሰፈራችንን የድሮ ካርታ ፈልጌ ነበር» ስል የሠራተኛዋ ፊት ተለዋወጠ። የይዞታ ክርክር ይዤ የመጣሁ ነው የመሰላት፤ አይፈረድባትም፣ በከተማችን ካርታ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኋላው ፍርድ ቤት አለ። ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በደብዳቤ ጠይቅ። ደብዳቤ አስጻፍኩ፤ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ከሚል በቀር የያዘው ነገር ስላልነበረ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ።

በሩን የከፈተልኝ አስተካክዬ ያስጻፍኩት ነው። በዕድሩ ማኅተም የወጣው ይህ ደብዳቤ የምፈልገው የይዞታ ሰነድ እንዳልሆነ በመጀመሪያው መስመር ይናገራል። ቀጥሎ የአካባቢውን ወሰን በአራቱም አቅጣጫ በታወቁ ምልክቶች ያስቀምጣል፣ ዘመኑን ከዚህ እስከዚህ ብሎ ይወስናል፣ የሚፈለገውንም «የከተማ ፕላን፣ የቶፖግራፊ ካርታ ወይም የአየር ፎቶግራፍ» ብሎ ይዘረዝራል። እንዲህ ሲጻፍ ደብዳቤውን የሚያነበው ኃላፊ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራው ያውቃል። በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል።

መሥሪያ ቤቱ እስኪመልስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ብዙ ሀብት አላቸው። ብቻ ካርታን በካርታነቱ ብቻ አትፈልጉት። ጥሩ ጥሩዎቹ በመጽሐፍ ሆድ ታጥፈው የተቀመጡ ስለሆኑ በካርታ ዝርዝር ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። የጣሊያን የቱሪስት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መመሪያ የከተማችንን ፕላን ይዟል። ከወረራው በፊት ለነበረው ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ግሪካዊ አድሪያን ዜርቮስ እ.ኤ.አ. በ1936 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ በከተማዋ የነበሩ የውጭ አገር ማኅበረሰቦችንና ነጋዴዎችን ይዘረዝራል። አርመኑ፣ ግሪኩና ሕንዱ ሱቅ ከፍቶ ይነግድበት ለነበረ እንደ አራዳ ላለ አካባቢ ይህ ከማውጫ አይተናነስም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ካርታ ሁሉ የነበረውን አያሳይም። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች አዲስ ፕላን ነደፉላት። ታዋቂው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚየም በዚያው ሰሞን የራሱን ንድፍ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ሌላ ፕላን አቀረበ፤ ከእሱም በኋላ ሌሎች መጡ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ቀጥ ብለው የሚታዩ ብዙ ጎዳናዎች ከወረቀት ወርደው አያውቁም። እኔ ባገኘሁት ቅጂ ላይ ሰፈራችንን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ሰፊ መንገድ ነበር። «በጣሊያን ጊዜ የተከፈተው ጎዳና» ብዬ ጽፌ ለሽማግሌዎቹ ሳነብ አንዲት እናት አቋረጡኝ። «በየት በኩል ነው ልጄ? እዚያ ላይ እኮ ገደል ነው፤ ፍየል እንኳን አይወጣውም።» ዞር ብዬ ካርታውን ሳየው መንገዱ ወንዙን ያለ ድልድይ ይሻገራል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ባየሁ ቁጥር ወንዝና ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ርዕሱ ላይ «ፒያኖ ሬጎላቶሬ» የሚል የጣሊያንኛ ጽሑፍ ካለ በእጃችሁ ያለው ማስተር ፕላን ነው፤ ሊሠራ የታሰበውን እንጂ የተሠራውን አይነግራችሁም።

ሌላው ችግር ዓመት ነው። የቆየ ካርታ ጠርዙ ተቆርጦ ወይም ተበልቶ ዘመኑ ይጠፋል። ያኔ ዘመኑን ከሆዱ ማውጣት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። መስቀል አደባባይ «አብዮት አደባባይ» ተብሎ ከተጻፈ ካርታው የደርግ ዘመን ነው። ስድስት ኪሎ ላይ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ካለ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከአብዮቱ በፊት ነው። በካርታው ላይ ያለውና የሌለው ሲደማመር ዘመኑ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይታወቃል።

የጣሊያን ዘመን ወረቀቶች ደግሞ ከእኛና ከፈረንጆቹ ሌላ ሦስተኛ አቆጣጠር ይዘው ይመጣሉ። በሮማ ቁጥር የተጻፈው ዓመት ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ይቆጠራል። 16 የሚል ከሆነ ከጥቅምት 1937 እስከ ጥቅምት 1938 እ.ኤ.አ. ያለው ነው፤ በእኛ ከ1930 ጥቅምት እስከ 1931 ጥቅምት። በማስታወሻችሁ ላይ ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፉ አትለፉ። በኋላ ስታነቡት የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የሰው የልደት ዘመን ያዛባል፤ የአንዱን ቤት ባለቤት ለሌላው ይሰጣል።

ነገሩን የለወጠው ግን ካርታ አልነበረም። የዕድሩ ጸሐፊ የነበሩ አባት ልጅ፣ አባቱ ያስቀመጧቸውን የቆዩ መዝገቦች በጆንያ ይዞ መጣ። ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ረጃጅም የሒሳብ ደብተሮች ናቸው፤ ጀርባቸው በጨርቅ ተለጥፏል፣ ገጻቸው በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተሰምሯል። በግራ የአባሉ ስም፣ ቀጥሎ የቤት ቁጥር፣ ከዚያ አሥራ ሦስት ጠባብ ዓምዶች፤ ጳጉሜን የምትባለው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ ናት። ዳር ላይ በእርሳስ «ወደ ቄራ ተዛወሩ»፣ «አርፈዋል፣ ሚስታቸው ቀጥለዋል»፣ «ቤቱ ተከራየ» የሚሉ ማስታወሻዎች አሉ።

ስሞቹን በፊደል ተራ ላገኛቸው ብሞክር እምቢ አሉኝ። ዝርዝሩ የተመዘገቡበትን ጊዜም አይከተልም። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ በሕይወት ስለነበሩ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ዝርዝሩ መዋጮ ሰብሳቢው በእግሩ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሥቶ በቀኝ በኩል ወርዶ፣ ወንዙ ዳር ደርሶ በግራ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይና ከታች የተጻፉት ሰዎች ጎረቤታሞች ናቸው! ስፈልገው የኖርኩት የጎዳና ማውጫ በዕድሩ መዝገብ ውስጥ፣ በየጥቂት ዓመቱ እየታደሰ ተቀምጦ ነበር። ሰፈር የምታጠኑ ሰዎች፣ ማንኛውም ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት የዕድሩን፣ የማኅበሩንና የሰበካ ጉባኤውን መዝገብ ጠይቁ። የሞተ ጸሐፊ ቤትም ሳይውል ሳያድር ሂዱ፤ ቤት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጣለው ወረቀት ነው።

የቤት ቁጥሩን ከቦታ ጋር ማገናኘት የራሱ ጣጣ አለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከወጣና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ቤቶች በየቀበሌያቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ቀበሌዎቹ «ከፍተኛ» በሚባል የበላይ አስተዳደር ሥር ስለነበሩና እያንዳንዱ ከፍተኛ ቀበሌዎቹን ከ01 ስለሚጀምር፣ ከፍተኛው ያልተጻፈበት «ቀበሌ 05» የትም ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ቀበሌዎች ሲዋሐዱ ሁለት ቁጥሮች በሕዝባር ተያይዘው ተጻፉ፤ በኋላ ደግሞ ወረዳ መጣ። አንድ ደጃፍ እንዲህ ሆኖ የተለያዩ አድራሻዎች ይኖሩታል። እኔ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ መነሻ የሆነኝ ሰዎች ቤታቸው ሲፈርስ ነቅለው የወሰዱት የበር ቆርቆሮ ነው። አንዱ ላይ ከአዲሱ ቀለም ሥር የድሮው ቁጥር ጠባሳ ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ያላቸው ሰዎች ፎቶ አንሥተው እንዲልኩ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ማስነገር ብዙ ይረዳል።

የስልክ ማውጫ የሚያሳየው ስልክ የነበረውን ብቻ ነው፤ ባለ ሱቁን፣ ሐኪሙን፣ ባለሥልጣኑን። ቢሆንም የአንድን መድኃኒት ቤት ስም በተከታታይ ዓመታት ማውጫዎች ውስጥ ብትከታተሉት መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደጠፋ በግምት ታገኛላችሁ። ስትፈልጉ ፊደሎቻችንን አስቡ። ኃይሉ የሚባል ሰው በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው ናቸው። በአንዱ ያጣችሁትን በሌላው ሳትፈልጉ «የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ያሉ ማስታወቂያዎችም ጥሩ ምንጭ ናቸው፤ አንዱ የሚሸጠውን ዕቃ በአንድ መስመር ይጠቅስና ሱቁ ከማን ሕንፃ አጠገብ እንደሆነ በሦስት መስመር ያስረዳል። እኛን የጠቀመን ያ ሦስቱ መስመር ነው።

መዝገቡንና ካርታውን ካገኘሁ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለስኩ። ካርታውን በትልቁ አሳትሜ መሬት ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ላይ ማንም አላነበበውም። ሰሜን ወደ ላይ መሆኑ ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም፤ አንድ አባት ወረቀቱን አዙረው የቤተ ክርስቲያኑ በር ወደሚያውቁት አቅጣጫ ሲሆንላቸው «አሃ» አሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልነበረም። «እዚህ ማን ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከዚህ ተነሥተው ዳቦ ለመግዛት ሲሄዱ በስተቀኝ ምን ያገኙ ነበር?» በሉ። እግር የሚያስታውሰውን አፍ ይረሳዋል። እናቶችን ለብቻ ጠይቁ፤ የቦኖውን ቦታ፣ የወፍጮ ቤቱን ወረፋ፣ በየግቢው መካከል ያለችውን መሹለኪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አባቶች ከመጡ ወሬው ሁሉ ጠጅ ቤትና መሥሪያ ቤት ይሆናል።

የቆየውን ካርታ በዛሬው ላይ መደረብ የምትፈልጉ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃችኋል። ሁለቱን ካርታዎች የምታያይዙባቸው ነጥቦች ያልተነኩ ቤተ ክርስቲያኖችና የድንጋይ ድልድዮች ይሁኑ፤ የሰፋ መንገድ መስቀለኛ አይታመንም። በአገራችን ካርታ ላይ «አዲንዳን» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ልብ በሉ፤ ይህ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚሰላበት የቆየው የመለኪያ መሠረት ነው። ስልካችሁ ከሚጠቀምበት ጋር ሳታስማሙት ብትደርቡት ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ሁለት መቶ ሜትር ደግሞ ሰፈር ያስቀይራል።

ካርታ በማይገኝበት ዘመን የአየር ፎቶ ይተካል። ቀድሞ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ይባል በነበረው ተቋም መዛግብት ውስጥ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ ወደ 34,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶግራፎች በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 የሠራው ኮሮና የተባለው የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ምስሎችም እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ተከፍተዋል፤ በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ድረ ገጽ ይፈለጋሉ። ምርጦቹ ሁለት ሜትር ገደማ ያለውን ነገር ይለያሉ፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የዛፍ ጥላ ማየት ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ። ሥራው ሲታወቅ የድንበር ማስረጃ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች አይጠፉም። እኛ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የቤት ዝርዝር ከመጽሐፉ አስወጥተን፣ መዝገቦቹንም ለታሪክ እንጂ ለክርክር እንደማንሰጥ በቃለ ጉባኤ አስያዝን። ከመጽሐፉ አንድ ቅጂ ለዕድሩ፣ አንድ ለወመዘክር ገብቷል። ወፍጮ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ነበር ወይስ ወዲያ በሚለው ላይ ግን ሁለት እናቶች እስካሁን አልተስማሙም። የሳተላይቱ ምስል ላይ በሁለቱም በኩል ጣሪያ ይታያል፤ ሁለቱንም አስፍረን አሳትመነዋል።